የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ከሚዛኑ ይጀምራል

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና አባላት፣
ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ነው። ጉዳዩ የከተማ ነጋዴን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአባላችንን የትርፍ ድርሻ በቀጥታ ስለሚነካ በዚህ በዓል ላይ ልንመክርበት ይገባል።

የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ማለት የወረቀት ደረሰኝን ፎቶ አንስቶ በስልክ መላክ አይደለም። የሻጩና የገዢው ማንነት፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ በኮምፒውተር ሊነበብ በሚችል መልክ ተመዝግቦ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚደርስበት አሠራር ነው።

አገራችን ወደዚህ የመጣችው ደረጃ በደረጃ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደነገገ። ደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን አስገዳጅ አደረገ። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። የቀድሞው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅም በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተካ። የገቢዎች ሚኒስቴር ግብር ከፋዩን ወደ ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የማሸጋገር ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ ለእኛ የቀረው ጥያቄ እንዴት ተዘጋጅተን እንግባበት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ዩኒየኑ ለፋብሪካ ወይም ለላኪ ሲሸጥ ደረሰኝ ይቆርጣል። ምርቱን ያመጣው ገበሬ ግን ማሽንም ሆነ የደረሰኝ ጥራዝ የለውም። ታዲያ ግዢው በምን ማስረጃ ይመዘገባል?

ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ተነስቷል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱ ያልተመዘገበ ደረሰኝ የቀረበበት ወጪ ከግብር ተቀናሽ እንዳይሆን ደነገገች። በዚህም ከትንንሽ ገበሬዎች የሚገዛ ድርጅት ተቸገረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉ ተሻሻለና፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ከማይበልጥ ገበሬ የገዛ ሰው ደረሰኙን ራሱ እንዲያዘጋጅ ተፈቀደ። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በነጋዴዎች መካከል የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝን አስገዳጅ ስታደርግ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ7,000 ዩሮ የማይበልጥ ገበሬ ደረሰኝ እንዲቆርጥ አልተገደደም፤ የሚቆርጥለት ገዢው ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በአባሎቻቸው ስም ደረሰኝ ማዘጋጀት ይችላሉ።

ከሁለቱም አገሮች የምንማረው ነገር አለ። ደረሰኙን የሚያዘጋጀው ገዢው ከሆነ፣ የገበሬው መብት በገዢው ምዝገባ እጅ ወደቀ ማለት ነው። ለእኛ ገዢው መሠረታዊ ማኅበሩ ነው። ምዝገባውም የሚጀምረው ከሚዛኑ ነው።

አንድ ስሌት ላስቀምጥ። በየኩንታሉ ግማሽ ኪሎ ብቻ ሳይመዘገብ ቢቀር፣ በ2,000 ኩንታል 10 ኩንታል ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይህን አያርምም። የገባለትን ስህተት አሳምሮ አትሞ ያወጣዋል። አባሉ በተሳትፎው መጠን የሚያገኘው የትርፍ ክፍፍልም የሚሰላው ከዚሁ ምዝገባ ነው። በመዝገቡ ላይ 11 ኩንታል የተጻፈለት አባል 12 ኩንታል ማስረከቡን በዓመቱ መጨረሻ በምን ያስረዳል?

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኮምፒውተር ከመግዛታችን በፊት የየማኅበሩ ሚዛን ይመርመር፤ የአባላት መዝገብም ይጥራ። አንድ አባል በሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ ከተመዘገበ ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ ምርት ያስረከበ አባል ሁሉ ኪሎው፣ ደረጃውና ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እዚያው ሚዛኑ አጠገብ በእጁ ይያዝ። ስልክ ላለው አጭር መልእክት መላክ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱን አይተካም። ማንበብ የማይችል አባልም እንዲነበብለት ይደረግ።

ሦስተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ስለማይቀር፣ በዚያ ቀን የተካሄደ ርክክብ በእጅ ተጽፎ በኋላ እንዴት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያስገባና ማን እንደሚያረጋግጥ በጽሑፍ ይወሰን። የሚመዝነው፣ የሚመዘግበውና ገንዘብ የሚከፍለው ሰው የተለያዩ ይሁኑ።

አራተኛ፣ የማኅበራት ሒሳብ ሹሞችና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት አብረው ይሠልጥኑ። ተቆጣጣሪው የማያውቀውን ሥርዓት ሊቆጣጠር አይችልም።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ከእናንተም የምንጠብቀው አለ። ከገበሬ የሚደረግ ግዢ በምን ማስረጃ እንደሚመዘገብ መሠረታዊ ማኅበራት በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ሊደርሳቸው ይገባል። ርክክብ በሚበዛበት በምርት መሰብሰቢያ ወቅት አዲስ ሥርዓት ማስጀመር ደግሞ ወረፋና ጭቅጭቅ ያስከትላል። ስለዚህ ሙከራው ከአዝመራው በፊት፣ በጥቂት ማኅበራት እንዲጀመር በአክብሮት እንጠይቃለን።

ውድ አባላት፣ አባቶቻችን ባይጽፉትም በጎታቸው ያለውን የእህል መጠን ያውቁት ነበር። ዛሬ ጎታችን የጋራ ሆኗል። የጋራ የሆነውን ጎታ የሚያስተማምነው ሁሉም ሊያየው የሚችል መዝገብ ነው። ከነገ ጀምሮ ምርታችሁን ስታስረክቡ ወረቀታችሁን ሳትይዙ ከሚዛኑ አትራቁ።