እርጥብ መሸሸጊያ፦ ቆዳውን የሚለውጥ እባብ አያያዝ



ዛሬ የምናገርበት ዕቃ ተራ ነገር ነው፤ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ በጎኑ አንድ ቀዳዳ፣ በውስጡ እርጥበት። ይህን ዕቃ ጥቂት ቀናት አስቀድሜ በማንሣቴ የአንድ እንስሳ ዓይን ለጉዳት ተጋልጦ ነበርና ከዚያው ልጀምር።

በማስተማሪያ ቤተ ሙከራችን አንድ ሮያል ፓይተን እንከባከብ ነበር። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖር፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለል ትንሽ ዘንዶ ነው። አንድ ቀን ዓይኖቹ ወተት ጠብ እንዳለበት ውኃ ደፈረሱ። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚጋርደው ግልጽ ቅርፊት ሲሆን ይህም ከሌላው ቆዳ ጋር አብሮ ይለወጣል። አዲሱ ቆዳ ከአሮጌው ሥር ሲሠራ በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ይገባል፤ ኢንዛይሞችም አሮጌውን ያላቅቁታል። ዓይንን የሚያደበዝዘው ይህ ነው። ከቀናት በኋላ ዓይኑ ይጠራል፤ ቆዳው የሚወልቀው ግን ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነው። እኔ ዓይኑ ሲጠራ ነገሩ አለፈ ብዬ መሸሸጊያውን አወጣሁ። ቆዳው ተቆራርጦ ወለቀ፤ በግራ ዓይኑ ላይ አሮጌው ቅርፊት ተጣብቆ ቀረ።

ለምን ደረቀ? በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለውን አየር፣ ውኃ ሳንጨምርበት ወደ 32 ዲግሪ ብናሞቀው፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለእባቡ ብለን ያበራነው አምፖል ራሱ ያደርቀዋል ማለት ነው።

ታዲያ መላውን ሣጥን በውኃ ብናርሰውስ? ይህ ከድርቀቱ የባሰ ስሕተት ይመስለኛል። ሁልጊዜ ርጥብ ወለል ላይ የሚተኛ እባብ የሆዱ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፤ ባክቴሪያም ይገባበታል። ሮያል ፓይተን በተፈጥሮው ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው፤ ውጭው ደርቆ ሳለ ጉድጓዱ እርጥበት ይይዛል። እንስሳው የሚፈልገው ሲያሻው የሚገባበት፣ ሲበቃው የሚወጣበት አንድ እርጥብ ስፍራ ነው። መቼ እንደሚገባ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዕቃው እባቡ ሲጠቀለል ጎኑ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ የተጋለጠ ይመስለዋል። ቀዳዳው ከሰውነቱ ወፍራም ክፍል ሰፋ ብሎ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ውስጡ ስፋግነም የሚባለው ውኃ የሚይዝ ተክል ይነጠፍ፤ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ተጨምቆ። ስፋግነም ከጠፋ የራሰ የወረቀት ፎጣ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ዕቃው ወደ ሞቃቱ ጫፍ ይጠጋ። በየቀኑ በእጅ ይዳሰስ፤ ሻጋታ ከታየ ወይም ከሸተተ ሁሉም ይለወጥ። በዐለት አምሳል ተሠርተው የሚሸጡት ዋሻዎች ለእኛ ያምሩናል፤ እባቡ ግድ የለውም። ይልቅ አፍንጫውን አሽቶ ቆዳውን የሚጀምርበት አንድ ሻካራ እንጨት ከውጭ ይተውለት።

ወደ ግራ ዓይኑ ልመለስ። ወረንጦ አንሥቼ ነበር። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ባልደረባዬ እጄን ያዘች፤ አሮጌው ቅርፊት በኃይል ሲነሣ ከሥሩ ያለውን አዲሱን ሊቀድደውና ዓይኑን ሊያጋልጠው እንደሚችል ነገረችኝ። መሸሸጊያውን መልሰን አስገባን፣ እየተከታተልንም ጠበቅን። በሚቀጥለው ዙር ዓይኑ ከጠራ በኋላም አላነሣሁትም።

ያን ጊዜ የወለቀው ቆዳ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንደ ካልሲ ተገልብጦ በአንድ ቁራጭ የወጣ ነው። ስትወጡ ቀርባችሁ ራሱን ተመልከቱ፤ በግራ በኩል ያለው የዓይን ቅርፊት ከሌላው ይወፍራል፤ ሁለት ሆኖ ስለ ወለቀ ነው።