ሁለት ሞላዎች ምን አስተማሩን?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ታላቅ ነገር አግኝተን አይደለም። በላቦራቶሪ ስለ ሠራነው ትንሽ ሥራና ልንፈጽመው ስለ ነበረው ጥፋት ልንነግራችሁ ነው።

ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1678 ዓ.ም. ስለ ሞላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሞላ የሚለጠጠው በተሸከመው ክብደት መጠን መሆኑን ገለጸ። እኛም ሁለት እኩል ሞላዎች ወሰድን። እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ሲንጠለጠልበት 4 ሳንቲሜትር ተለጠጠ። ታዲያ ሁለቱ ቢተባበሩስ? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ያደግን ነንና፣ እንዴትም ቢጣመሩ ይጠነክራሉ ብለን ገመትን።

መጀመሪያ ጎን ለጎን ሰቅለን ኪሎውን በመካከላቸው አንጠለጠልን። ሸክሙን እኩል ስለ ተካፈሉት ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ደረሰው፤ የተለጠጡትም 2 ሳንቲሜትር ብቻ ሆነ። ግምታችን ሠመረ። ቀጥሎ አንዱን ከሌላው ጫፍ አያይዘን ሰቀልን። በዚህ ጊዜ ግን ሸክም መካፈል የለም። የታችኛው ኪሎውን በሙሉ ይሸከማል፤ የላይኛውም ያንኑ ኪሎ በሙሉ ይሸከማል። ስለዚህ 4 እና 4 ተደምሮ 8 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ያው ሁለት ሞላ፣ ያው አንድ ኪሎ፤ በአያያዙ ብቻ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ምሳሌውም አልዋሸም፤ ድሩ አንበሳ የሚያስረው ጎን ለጎን ሲገመድ እንጂ ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠል አይደለም።

ነገር ግን ማስመሪያው ያሳየን 8 ሳይሆን 8.4 ነበር። ከመካከላችን «መጽሐፉ 8 ይላልና 8 ብለን እንጻፍ፤ ማን ያውቅብናል?» ያልን ነበርን። እስክሪብቶም ተነሥቶ ነበር። አንዳችን ግን የታችኛውን ሞላ ፈትቶ መዘነው፤ 100 ግራም ሆኖ ተገኘ። የመነሻውን ርዝመት የለካነው ሞላዎቹን ለየብቻ ሰቅለን ስለ ነበር፣ የላይኛው ኪሎውን ብቻ ሳይሆን ወንድሙንም ጭምር መሸከሙን ዘንግተናል። 1,000 ግራም 4 ሳንቲሜትር ከለጠጠ፣ 100 ግራም 4 ሚሊሜትር ይለጥጣል። ሒሳቡ ገጠመ!

ያችን 4 ሚሊሜትር ፍቀናት ቢሆን ኖሮ ወረቀታችን ያማረ፣ ዕውቀታችን ግን ባዶ በሆነ ነበር። ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ያያችሁትን ጻፉ። መምህራኖቻችንም፣ ከመጽሐፉ ጋር የማይስማማ ቁጥር ይዘን ስንመጣ፣ ማርክ ከመቀነሳችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁን።