አንድ ስም፣ ሦስት ዳቦ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)

እኛ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት አገልግለን ጡረታ የወጣን ነን፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ እንግሊዝኛ ቃል እንናገራለን ስንል አትሳቁብን፤ ነገሩ ከድንኳናችን ድረስ የገባ ነው።

ዘንድሮ አንዲት እናት ከመካከላችን ተለይተውን ስንቀብር፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ለለቅሶ መጥተው ነበር፤ አንዷ ከአሜሪካ፣ አንዷ ከእንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር አጠገብ ካለችው ከኦልድሃም። በማግስቱ የኦልድሃሟ፣ «ለለቀስተኛው ከሻይ ጋር ማፊን ይታዘዝ» አለች። እኅቷ ቱግ አለች። «በእማዬ ለቅሶ ኬክ ልታበይ ነው? ሠርግ መሰለሽ?» አለቻት። ተቀያየሙ፤ እስከ ሠልስት ድረስ ቃል አልተነጋገሩም።

መቼም ሽማግሌ ነንና ለየብቻ ጠርተን፣ «ለመሆኑ ይኸ ማፊን የምትሉት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። የአሜሪካዋ እንዳስረዳችን፣ ማፊን እርሾ የለውም፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላልና ወተት ተደባልቆ፣ በቤኪንግ ፓውደር ተነፍቶ፣ ስኒ በሚመስል ቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ጣፋጭ ነገር ነው። የኦልድሃሟ ደግሞ፣ «በኛ ሰፈር ማፊን የሚባለው እኮ ተራ ክብ ዳቦ ነው፤ መሐሉ ተሰንጥቆ የሚበላ ይገባበታል» አለችን። እንግዲህ እሷ ያሰበችው ለለቅሶ ቤት የሚገባውን ዳቦ ነው።

ነገሩ ስለ ከነከነን ጠያየቅን፤ ለካ ሦስተኛም አለ። በድሮ ጊዜ በእንግሊዝ ከተሞች ሻጩ ትሪውን በራሱ ተሸክሞ፣ ቃጭል እየደወለ ያዞረው የነበረው ማፊን፣ በእርሾ ተቦክቶ በምጣድ ላይ የሚጋገር ጠፍጣፋ ዳቦ ነው። ሳሙኤል ባዝ ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880 ኒውዮርክ ላይ ዳቦ ቤት ከፍቶ ከዚሁ ወገን የሆነ ዳቦ ሸጠ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ከጣፋጩ ለመለየት «የእንግሊዝ ማፊን» ይሉታል። ዛሬ እንግሊዝ አገርም ጣፋጩ በየቡና ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምቶ ዳቦውን ማወቅ አይቻልም።

ይህን አስረድተን ሁለቱን ብናገናኛቸው፣ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ኋላ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሁለቱም ለእናታቸው ክብር ነበር የተቆረቆሩት፤ ያጠፋች አልነበረችም።

አባሎች ሆይ! ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነዋል፤ ቃሉም አብሮ ተበትኗል። በለቅሶ ጊዜ ደግሞ ሰው ሆድ ይብሰዋል። አንድ ቃል ሲጎረብጠን ከመቆጣታችን በፊት «ምን ማለትህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ መዋጮ የለውም።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ዕድራችንንም ይጠብቅልን።