ሃይማኖትን በፈቃድ ስለ ማስተማር



በዕረፍት ወራት ወደ ላስታ ሄደን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወንጌል እናስተምር የሚል አሳብ ቀርቧል። አሳቡ መልካም ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ክፍሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚማርበት የጋራ ቤት ነው። ነጥብ የሚሰጥ መምህር «በፈቃድህ ና» ቢለው፣ እንቢ ለማለት የሚደፍር ተማሪ ስንት ነው?

በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ የድንጋይ ገበታዎች ይቀበሉታል። ጠበሉን የሚሻ ራሱ ይመጣል እንጂ ማንም ተጎትቶ አይጠመቅም። እንግዲህ እኛም በደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ተቀምጠን እናስተምር። ያለ ስም ጥሪ የመጣ አንድ ተማሪ፣ ፈርቶ ከተቀመጠ አንድ ክፍል ሙሉ ይበልጣል።

እግዚአብሔር ይርዳን።