ብርድ ልብስ መያዝ አለማመን ነው?



ከቢስቲማ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደርሶኛል። «ፓስተር፣ ለሦስት ቀን ጸሎት ተራራ ልንወጣ ነው። አንዳንዶቻችን ብርድ ልብስና ስንቅ ከያዝን እምነታችን የታለ ይላሉ። ምን ይመክሩናል?»

መልሴን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ገና ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደተመረቅሁ ወጣቶች ይዤ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ወዳለው ጋራ ወጣሁ። ልንነሳ ስንል አንድ ወንድም የሱፍ በርኖስ ተሸክሞ መጣ። «ልትጸልይ ነው ልትተኛ?» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱም አፍሮ በርኖሱን ቤቱ መለሰ።

በመጀመሪያው ሌሊት ዝናብ ወረደብን። ጋቢያችን ራሰ፤ የራሰ ጥጥ ደግሞ አያሞቅም። ያ ወንድም ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ድንገት ተወው። «ተሻለው» ብዬ አመሰገንኩ። ሳናግረው ግን ምላሱ ተሳስሯል። በብርድ የተመታ ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ሰውነቱ እየተሸነፈ መሆኑን አላውቅም ነበር! ተሸክመነው ወረድን፤ የአንድ ሙስሊም አባት በር አንኳኳን። እኒያ አባት «እናንተ እነማን ናችሁ?» ሳይሉ እሳት አነደዱ፣ እርጥቡን ልብስ አስወለቁት፣ በገዛ ቡልኳቸው ጠቀለሉት፣ ነፍስ ሲዘራም ትኩስ ወተት ሰጡት። ጌታ አተረፈው። እኔ ግን በእምነት ስም የወንድሜን ልብስ ገፍፌ ነበር።

1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ። ኤልያስ ወደ ኮሬብ ገና የአርባ ቀን መንገድ ሲቀረው መልአኩ «እምነትህ የታለ?» ብሎ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው። በማቴዎስ 4 ግን ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ማን ነበር? አያችሁ ወገኖቼ፣ መልአክ ስንቅ ያቀርባል፤ ዝም ብለህ ዝለል የሚለው ፈታኙ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እንዲህ ተዘጋጁ። በሐምሌና በነሐሴ አትውጡ፤ የበልጉንም ዝናብ አትርሱ። መብረቅ ካለ ከጋራው ጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ራቁ። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሱፍ ያዙ። መለወጫ ልብሳችሁን በፌስታል እሰሩ፤ ከላይ የምትወጥሩትና ከሥር የምታነጥፉት ሸራ፣ ባትሪና ክብሪት ይኑራችሁ። ብትጾሙም ውሃ ጠጡ፤ የምንጩን ውሃ አፍሉት። ለማፍረሻ በሶ ቋጥሩ። ስኳር ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጹም፤ ይህን የምላችሁ ፓስተር ሆኜ ነው!

የምታድሩበትን ቦታና የምትመለሱበትን ቀን ለቤተሰብና ለሽማግሌዎች ንገሩ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚገቡ ተጓዦች እንኳ ደባርቅ ላይ ተመዝግበው፣ ስካውት አስከትለው ነው የሚወጡት። እናንተም ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይምራችሁ፤ የአካባቢውን ባላገር ፈቃድ ጠይቁ። ያን ሌሊት በር የከፈቱልን እነሱ ናቸውና።

ስትነሱ የእያንዳንዱን ሰው ሸክም ፈትሹ። ልብስ የሌለው ካለ አታሳፍሩት፤ ያለው ያካፍለው። የእናንተ ጸሎት ከዚያ ይጀምራል።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።