ኦክስጅንን የሚጠባበቀው ኢንዛይም፦ ከላስታ ደጋ ሲታይ



ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይልቃል። ከቆላ የመጣ እንግዳ እዚህ ሲሰነብት በሴሎቹ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ይገታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂፍ የተባለው ፕሮቲን በሴል ውስጥ ሳያቋርጥ ይመረታል፤ ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ የተሰኘው ኢንዛይም ግን በኦክስጅን እየተጠቀመ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት ያረፈበትም ወዲያው ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። ያልፈረሰው ሂፍ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የኤሪትሮፖይቲን ዘረመል ግልበጣን፣ ማለትም ትራንስክሪፕሽኑን፣ ያስነሣል፤ ቀይ የደም ሴልም ይበዛል። ሮክሳዱስታት የተባለው የደም ማነስ መድኃኒት የሚገታው ይህንኑ ኢንዛይም ነው፤ ደጋን በእንክብል መዋጥ ብንለው ብዙ አልተሳሳትንም።

የእኛ ደገኛስ? ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ይህም ከቆለኛው እምብዛም አይርቅም። የአንዲስ ደገኞች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ጉልህ ጭማሪ ያሳያሉ።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያለፈ ነው። የደም ማነስን ለመለየት የሚያገለግለው የከፍታ ማስተካከያ፣ ሄሞግሎቢን ከከፍታ ጋር እንደሚጨምር ታሳቢ ያደርጋል። ስለዚህ ጤነኛዋ የላስታ ነፍሰ ጡር ደም አንሷታል ልትባል ትችላለች። የሰሜን ውጤት በቀጥታ የላስታ ነው አልልም፤ ማስተካከያው ግን እዚሁ፣ በዚሁ ሕዝብ ላይ ሳይፈተን መደመሩን አልቀበልም።