የቅዳሜው ልጅ



ደጋፊ ስለ ገዛ ቡድኑ የተሠራ ድራማ ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ማሊያው ላይ ነው። የአሜሪካው ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ የጌተርስ ደጋፊዎችም ከዚህ አልወጡም። ኤፍኤክስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሴፕቴምበር 2024 የቀድሞ ተጫዋቻቸውን የአሮን ሄርናንዴዝን ታሪክ በ10 ክፍል ድራማ ማሳየት ሲጀምር፣ «ተዋናዩ ትከሻው አልሞላም» ያለ አለ። «አሠልጣኛችን እንዲህ አይናገርም» ያለ አለ። የቡድኑን ጀግና ቲም ቲቦውን ሆኖ የሚተውነው ፓትሪክ ሽዋርዘኔገር፣ የዚያ የጡንቸኛው የአርኖልድ ልጅ፣ ግማሹን አሳቀ፣ ግማሹን አናደደ። ታሪኩ ግን የነፍስ ግድያ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታው እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበት፣ የራስ ቁር አጥልቀው፣ ትከሻቸውን ደልድለው እንደ ሙክት የሚላተሙበት ነው። በሚሊዮን የሚከፈላቸው ባለሙያዎች እሑድ እሑድ ይጫወታሉ። በአሜሪካ ደቡብ ግን ብዙ ሰው ልቡን የሚሰጠው ቅዳሜ ለሚጫወቱት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ጌንስቪል በምትባለው ከተማ ያለው የጌተርስ ስታዲየም ከ88,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ የቁልምጫ ስሙ «ረግረጉ» ነው። የቡድኑ ምልክት አዞ ነውና ሕዝቡ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ እንደ መንጋጋ ይከፍታል፣ ይገጥማል። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ቆሞ የጮኸ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም። ሐኪሙም፣ ሹፌሩም፣ የዩኒቨርሲቲውን የመማሪያ ክፍል ረግጦ የማያውቀውም ያችን ብርቱካናማና ሰማያዊ ማሊያ ለብሶ ይውላል።

ተጫዋቾቹ በዚያን ጊዜ ደመወዝ አልነበራቸውም። ትምህርት፣ ምግብና መኝታ በነፃ፤ በቃ። አሠልጣኙ ኧርባን ማየር ግን በ2009 የፈረመው ውል በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ነበር።

አሮን ሄርናንዴዝ የተወለደው በ1989 ነው፤ ብሪስቶል በምትባል የኮኔቲከት ግዛት ከተማ። በ2006 መጀመሪያ ላይ አባቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳይታሰብ ሞተ። ልጁ ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ እኩዮቹ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያሉ፣ እሱ ግማሽ ዓመት አስቀድሞ ጨረሰና በ17 ዓመቱ ጌንስቪል ገባ። ልምምዱን ቶሎ እንዲጀምር ነው። አባቱን የቀበረ የ17 ዓመት ልጅ ከእናቱ ቤት ያን ያህል ርቆ ሲሄድ «ትንሽ ይቆይ» ያለ ትልቅ ሰው መኖሩን እንጃ።

በኤፕሪል 2007 መጠጥ ቤት ገብቶ ሒሳብ አልከፍልም አለ። ሲያስወጡት የቤቱን ሠራተኛ በቡጢ ጆሮው ላይ መታው፤ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ያ ጀግናው ቲቦው እዚያው ነበርና ሊገላግል ሞክሯል። ፖሊስ ከባድ ክስ ይመሥረትበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ነገሩ ግን በስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚያው ከተማ በሌሊት ሰዎች በጥይት ቆሰሉ። ፖሊስ ሊጠይቃቸው ከፈለጋቸው ተጫዋቾች አንዱ ሄርናንዴዝ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ምንም ክስ አልተመሠረተበትም።

ከዚያስ? ከዚያማ ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ሲደርስ ቁጥር 81 ለብሶ ይወጣል። ግዙፍ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ኳስ ከእጁ አትወጣም። በጃንዋሪ 2009 ጌተርስ ማያሚ ላይ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን 24 ለ 14 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሡ እሱም ተሰልፏል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሚሰለፍበት ቦታ የአገሪቱ ምርጥ ለሚባል የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የጆን ማኪ ሽልማት ወሰደ። በ2010 የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ቡድን መረጠው፤ በአራተኛው ዙር ነው። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ እስከዚያ ድረስ ሳይነሣ የቀረው ቡድኖቹ ፀባዩን ስለፈሩ ነው። በ2012 እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጁን 17፣ 2013 ኦዲን ሎይድ የተባለ የ27 ዓመት ወጣት ከሄርናንዴዝ ቤት ብዙም ሳይርቅ በጥይት ተገድሎ ተገኘ። ሄርናንዴዝ በ2015 ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በኤፕሪል 2017 በሌላ የሁለት ሰዎች ግድያ ክስ ነፃ ተባለ፤ በአምስተኛው ቀን እስር ቤት ውስጥ ራሱን አጥፍቶ ተገኘ። እሱም 27 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ደጋፊዎቹ ልመለስ። ድራማው የተነሣው ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ የምርመራ ክፍል በ2018 ካሰናዳው የድምፅ ዝግጅት ነው። መሠረቱ ምርመራ ይሁን እንጂ ድራማ ድራማ ነው፤ በተዘጋ በር ጀርባ ማን ምን እንዳለ ደራሲ ይፈጥራል። እዚህ ላይ ደጋፊው ሲቆጣ እውነት አለው። አሠልጣኙም ሆነ ቲቦው በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ያልተናገሩትን ተናገሩ ተብሎ መታየት ደስ አይልም። ማየር ራሱ፣ ግድያው በተሰማበት ወቅት፣ ጥፋቱን ወደ ዩኒቨርሲቲውና ወደ አሠልጣኞቹ ማዞር ትክክል አይደለም ብሎ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ደጋፊው ስለ ትከሻና ስለ አነጋገር ሲከራከር ያመሻል፤ ያን ሁሉ ሲያርም ትልቁ ነገር አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ አያየውም። ካየውም ወደ ጎረቤት ይገፋዋል። የፍሎሪዳው «ልጁ ከብሪስቶል ተሰብሮ ነው የመጣ፤ ሰው የገደለው ደግሞ እነሱ ዘንድ ሄዶ ነው» ይላል። የኒው ኢንግላንዱ «ከእናንተ የተረከብነው እንዲህ ሆኖ ነው» ይላል። የልጁ ቁጥር 81 በሁለቱም ስታዲየም በአንድ ጩኸት እንደተጠራ ማን ያስታውሳቸው?

የሁለቱ ቡድኖች አጸዳድ ደግሞ ለብቻው ወግ ነው። ፓትሪዮትስ ሄርናንዴዝ በተያዘበት ዕለት፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ አሰናበቱት። በጁላይ 2013 የእሱን ማሊያ ያመጣ በሌላ ተጫዋች ማሊያ እንዲቀየርለት አደረጉ፤ ከ2,500 በላይ ማሊያ ተመለሰ። ፍሎሪዳ በበኩሉ ስሙ የተቀረጸበትን ጡብ ከስታዲየሙ ደጅ ነቅሎ አነሣ። ዋንጫው ግን አልተመለሰም። ማንም አልጠየቀም፤ ሕጉም አያስገድድም። እኔም ይመለስ አልልም። ስሙ ተነቅሎ የስሙ ባለቤት ያስገኘው ድል ሲቀር ግን፣ የተነቀለው ጡብ ብቻ ነው ለማለት ነው።

በነገራችን ላይ ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው በ2013 የ2008ቱን የጌተርስ ቡድን ዝርዝር አውጥቶ ቆጠረ። ከ121 ተጫዋቾች 41ዱ ኮሌጅ እያሉ ወይም ከዚያ በኋላ በፖሊስ ተይዘው ያውቃሉ። መያዝ ጥፋተኛ መሆን አይደለም፤ ብዙውም ቀላል ነገር ይሆናል። ነገር ግን ከሦስት አንድ ነው። በ2023 ኔትፍሊክስ ስለ ማየር ዘመን ባለ አራት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ሲያወጣ ሄርናንዴዝን ነካ አድርጎ አልፎት ነበር። የቀድሞ ተጫዋቾች ተሰብስበው ያን ዘመን አወደሱ፤ ሐያስያኑ ታዲያ «ቁጥር 81 የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። የኤፍኤክሱ ድራማ ከዓመት በኋላ ሲመጣ የተዘለለውን ይዞ ነው የመጣው። ደጋፊውን ያሳመመው ይህ ይመስለኛል፤ ያቺ የወርቅ ዘመን እንደገና ስትታይ እሱም ከጀርባዋ፣ ከ88,000ው መሐል፣ እየጮኸ ይታያል።

አንድ ማምለጫ አለ፤ እሱም ደግሞ ውድ ነው። ሄርናንዴዝ ከሞተ በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዶክተር አን ማኪ መሪነት አእምሮውን መረመሩ። ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣውን፣ በምሕፃሩ ሲቲኢ የሚባለውን በሽታ አገኙ፤ ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ደርሷል። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል የተጎዳ አእምሮ አይተን አናውቅም አሉ። ድራማውን ካዩት ደጋፊዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ተነፈሱ፦ «ታሞ ነው እንጂ!» ሆነ ነገሩ። በሽታው እጁን ሽጉጥ አስያዘው ለማለት የሚችል ሐኪም የለም፤ በሽታው ኖሮባቸው ማንንም ያልገደሉ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። ደግሞስ ታሞ ነው ካልን፣ በምን ታመመ? በዚያው ግጭት ነዋ። ራሱን ከሚያስተው ትልቅ ግጭት ብቻ ሳይሆን፣ በየጨዋታውና በየልምምዱ ከሚደጋገመው፣ ማንም ከማይቆጥረው ትንሽ ግጭትም ጭምር። ሁለት ሰዎች ሲላተሙ ያ ድምፅ ሲሰማ ስታዲየሙ ከመቀመጫው ይነሣል። ጩኸቱ በጣም የሚደምቀው ያኔ ነው። «ታሞ ነው» የሚለው ደጋፊ ይህንንም አብሮ መዋጥ አለበት፤ ብዙዎቹ ግማሹን ብቻ ነው የሚውጡት።

ስለ ኦዲን ሎይድ ትንሽ ልበል፤ በዚህ ሁሉ ሙግት ስሙ ሲነሣ የምሰማው ከማሊያው ያነሰ ነውና። የቦስተን ልጅ ነው። የፍቅር ጓደኛው የሄርናንዴዝ እጮኛ እህት ነበረች፤ ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁትም በዚያ በኩል ነው። ኦዲን ራሱም የዚህ ጨዋታ ተጫዋች ነበር። ቦስተን ባንዲትስ በሚባል ቡድን በተከላካይነት ይሰለፍ ነበር፤ የሚተዳደረው ግን በጉልበቱ ሠርቶ ነው። ካሜራ የለ፣ ውል የለ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው የለ። ለጨዋታው ፍቅር ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም። እናቱ ኧርሱላ ዋርድ በ2015 ፍርድ ቤት ቆማ በልጇ ሞት እጃቸው ያለበትን ሁሉ ይቅር እንዳለች ተናግራለች። እኔ ድራማውን ብጽፈው ከእርሷ እጀምር ነበር። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ሕዝብ የሚያየው ዝነኛውን ነው፤ አዘጋጆቹም ይህን ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ ጊዜውን ተመልከቱልኝ። ድራማው የጀመረው ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17፣ 2024 ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ጌተርስ በገዛ ሜዳቸው በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 33 ለ 20 ተሸንፈው ነበር። ደጋፊው የያኔው አሠልጣኝ ቢሊ ናፒየር ይባረር እያለ ነበር። እያዘነም የሚያስታውሰው የማየርን ዘመን ነበር፤ 65 ድል፣ 15 ሽንፈት፣ ሁለት የአገር ዋንጫ። እናም አንዱ ሰው ማክሰኞ ማታ ያ ዘመን ምን እንደደበቀ ያያል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ያ ዘመን ይመለስልኝ ይላል። ግብዝነት ነው ለማለት ይቀላል። እኔ ግን ግብዝ አልለውም፤ ግብዝ የሚደብቀውን ያውቃል። ይህ ሰው ሁለቱን ቀኖች አገናኝቶ ማየት አልለመደም፤ ያስለመደውም የለም።

በኦክቶበር 18፣ 2025፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ዩኒቨርሲቲው ኧርባን ማየርን ስማቸው በስታዲየሙ ላይ በክብር ከሚሰፍርላቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ደመረው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። በዚያው ጨዋታ የናፒየር ቡድን ሚሲሲፒ ስቴትን 23 ለ 21 አሸነፈ። እሑድ ናፒየር ተባረረ። አራተኛ ዓመቱ ላይ ነበር፤ 22 ጊዜ አሸንፎ 23 ጊዜ ተሸንፏል፤ ጥፋቱም ይኸው ነበር።